ከእህት የመጣ ዘይት

በሆቴሉ ምድር ቤት የምትሠራውን ልብስ ተኳሽ እንግዶቹ አያውቋትም፤ እሷም እነሱን የምታውቃቸው በኮሌታቸው ብቻ ነው። ከውስጥ በኩል የጠቆረ ኮሌታ ሲመጣላት «ይሄ ሰውዬ ጭንቀት አለበት» ትላለች። አንዱ እጅጌው ብቻ ተጨማዶ ሲደርሳት ደግሞ «ይቺ ክንዷን ተንተርሳ ነው የምታነበው» ትላለች። የምትለውን ግን የሚሰማት የለም። ማጠቢያዎቹ መሽከርከር ሲጀምሩ ምድር ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚያጓራ፣ እዚያ የሚሠራ ሰው ምርጫው ወይ መጮኽ ወይ ዝም ማለት ነው። እሷ ዝምታውን ከመረጠች ቆይታለች።

ባልደረቦቿ «እትዬ ካውያ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የማድረቂያው ሠራተኛ ነው፤ ያወጣውም ለክፋት ሳይሆን ካውያ ከእጇ ተለይቶ ስለማያውቅ ነበር። እሷም ስሙን ወድዳው ነበር። በኋላ ግን ሰውነቷ መለወጥ ጀመረ። ፊቷ ክብ ሆነ፤ ጉንጮቿ ቀሉ፤ ወገቧ ጠፋ፤ ከአንገቷ ሥር፣ በስተኋላ፣ ትንሽ ትራስ የመሰለ ሥጋ ወጣ። ያን ጊዜ የማድረቂያው ሠራተኛ ቀልዱን ለወጠ።

«እትዬ ካውያ፣ እንፋሎቱን ሁሉ የምትውጪው አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።

ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። በማግስቱ ግን ምሳዋን ይዛ ከአንሶላ መደርደሪያው ጀርባ ገባች፤ ከዚያ ወዲያም እዚያው ቀረች። ዳቦዋን ስትቆርስ እንኳ ድምፅ እንዳታሰማ ትጠነቀቃለች። የምትበላው ጥቂት ነው፤ ተደብቃ ስለምትበላው ግን ለሰው ሁሉ ብዙ መሰለ።

የደንብ ልብሷ ከሁለት ልብስ የተገጣጠመ ነው። ግምጃ ቤቱ በልኳ የሚሆን ስላላገኘላት፣ አሮጌውን በግራና በቀኝ ተርትራ ከአዲሱ ቀድዳ ጨመረችበት። አሮጌው በእጥበት ብዛት ደብዝዞ ስለነበር፣ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ በሁለቱም ጎን ጥቁር ሰማያዊ ሰንበር ይታያል። ያን ሰንበር በየማለዳው ትተኩሰዋለች፤ ሰው ካየው አይቀር ቀጥ ብሎ ይታይ ብላ ነው።

ከሥራ ስትወጣ የምትገባው በአንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ወዳለች ክፍሏ ነው። ደረጃውን ግድግዳ ተደግፋ፣ በየመታጠፊያው እያረፈች ትወጣዋለች። ጎረቤቶቿ ሲያልፏት «አይዞሽ» ይሏታል፤ ከዚያ በላይ የሚሏት ነገር የለም። በክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ አለ። ሁለተኛ ወንበር ኖሯት ያውቃል፤ የሚቀመጥበት ሲጠፋ ልብስ ማስቀመጫ አደረገችው፤ በኋላም ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠቻት።

ወደዚህች ሴት የሚመጣ እንግዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ሳይሆን ጥቅል ነው።

ጥቅሉን የምትልክላት ታላቅ እህቷ ናት። እህትዋ የምትኖርባት ትንሽ ከተማ ሩቅ አይደለችም፤ ማለዳ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ፀሐይ ሳይከር ይገባባታል። ሁለቱ በልጅነታቸው አንዲት ቀሚስ እየተዋዋሱ ያደጉ ናቸው፤ ቀድማ የነቃች ትለብሳታለች፣ ዘግይታ የነቃች ታለቅሳለች። እናታቸው ታዲያ «ሁለት ልጅ የወለድኩ መስሎኝ ለካ አንዷን ነው ሁለት ጊዜ የወለድኳት» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

እናትየዋ ጉልበቷን ያማት ነበር። የጓዳው በር ሲጢጥ ሲል ታናሺቱ ማጠፊያውን ዘይት ልትቀባ ትነሣለች፤ እናትም ከተቀመጠችበት «እሱን ስትጨርሺ ወደ እኔም ነይ፤ የኔም ማጠፊያ ዝጓል» ትላለች። ኋላ ላይ አንድ አዟሪ ነጋዴ በላስቲክ የተቋጠሩ ትንንሽ አረንጓዴ ክኒኖች ይዞ ወደ ሰፈራቸው መጣ። እናትየዋ ውጣ በሳምንቷ ምርኩዟን ጣለች። ፊቷም ሞላ፤ ጎረቤት ሁሉ «እርጅና አማረባት» አለ። በዚያ ቤት ያን ክኒን ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራው የለም፤ ዘይት ተባለ። «ዘይቱ አለቀ?» «ዘይቱን ዋጥሽ?» እየተባለ ኖረ።

እናታቸው በሞተች ጊዜ ታናሺቱ የደረሰችው ለቀብሩ ነበር። ሐዘኑም፣ ድካሙም፣ ያለመድረስ ቁጭቱም ተደራርቦባት፣ ለቀስተኛው በተቀመጠበት ታላቅ እህቷን «አብረሻት ነበርሽ። እንዴት ሳታዪ ቀረሽ?» አለቻት። እህትዋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ግን ከጥቂት ወራት በኋላ የአውቶቡሱ ሾፌር በሆቴሉ የኋላ በር መጥቶ አስጠራትና አንድ ትንሽ ጥቅል በእጇ አኖረላት። ስትፈታው ዘይት ነው። ደብዳቤ የለው፣ መልእክት የለው። ያን ጊዜ አስታወሰች፤ በቀብሩ ዕለት ጉልበቷን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ሳለ እህትዋ ከበሩ ሥር ሆና ዓይታታለች። አይታ ኖሯል እንግዲህ።

ዘይቱ የጉልበቷን ሕመም እጅ እንዳነሣው አድርጎ አጠፋላት። መልስ መላክ ነበረባት፤ አፏ ግን አልታዘዛትም። ሆቴሉ ጠርዛቸው የሳሱ የትራስ ልብሶችን ለሠራተኞች ሲያድል ድርሻዋን ወሰደች፤ ጠርዛቸውን ሰፋች፤ ውሃ ረጭታ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋች፣ መስታወት እስኪመስሉ ተኮሰቻቸውና በሾፌሩ እጅ ላከች። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ዘይት ይመጣል፤ ከዚህ የትራስ ልብስ ይሄዳል። ሾፌሩ «ደርሷል» ይላታል፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልተላላኩም።

እትዬ ካውያ ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና እንዳለ የሰማችው ከአንድ የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሴትየዋ ተቀድዳ፣ ከስታ፣ ጫማዋን ጎንበስ ብላ ስታስር ዓይታት በቅናት ተቃጠለች። ሰው ቢጠይቃት ምክንያቷ ጉልበቷ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በልቧ አንድ ቀን አዘጋጅታለች። በዚያ ቀን ከአውቶቡሱ በገዛ እግሯ ትወርዳለች፤ ወገቧ ወገብ ነው፤ ቀሚሷ ከአንድ ጨርቅ የተሰፋ ነው፤ በእጇ የትራስ ልብስ ይዛለች። እህትዋ ከዚያው ከበሩ ሥር ቆማ ታያታለች፤ እንደ ዱሮው እንደ ክር ቀጥ ብላ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላዘጋጀችም። እስከ በሩ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆና ግን አትታይም። አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር። አውቶቡሱ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ ከጎኗ የነበረው ሰውዬ ግማሽ ወንበሩን አስረክቦ ጥቂት ታገሠና ረዳቱን ጠርቶ «ወንድሜ፣ እኔ ቆሜ ልሂድ» አለው። ለመሳደብ አልነበረም፤ በትሕትና ነው የተናገረው። እሷም በትሕትና ወረደች።

ሆስፒታል ስትሄድ ቀዶ ሐኪሙ አነጋግሯት፣ መዝኗት፣ ካርዷን አገላበጠና «ይቻላል» አላት። «ነገር ግን» አለ ቀጥሎ፣ «ከመቅደዳችን በፊት የሆርሞን ምርመራ ማድረግ ግዴታ ነው። አንዳንድ ውፍረት ከምግብ አይመጣም፤ ከዕጢ ይመጣል። ያን ሳናጣራ ሆድ አንከፍትም።»

እሷ ይህን እንደ ሌላ ደጅ መጥናት ቆጠረችው። የሆርሞን ሐኪሟ ዘንድ የገባችውም ቶሎ ጨርሳ ለመውጣት ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጸጥ ባለ ድምፅ ትጠይቃለች፤ የምድር ቤት ጆሮ የለመደው ጩኸት ስለሆነ እትዬ ካውያ ሁለት ጊዜ «አቤት?» ማለት ነበረባት።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ለግፊት፣ ለስኳር፣ ለአስም? የሚቀቡት ቅባት?»

«ኧረ ምንም የለም፣ ዶክተር።»

ይህን ስትል አልዋሸችም። በእሷ ዘንድ መድኃኒት ማለት ስም ያለው፣ ሐኪም ያዘዘው፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ነገር ነው። ዘይት ግን ዘይት ነው፤ ከእህት የሚመጣ።

ሐኪሟ እጇን ታጥባ መረመረቻት። ሆዷ ላይ የወጡትን ወይን ጠጅ ሸንተረሮች አየች፤ ክንዷ ላይ ያለውን ብልዝ አይታ «ምን መታዎት?» አለች። «የካውያው ገመድ ነካኝ መሰለኝ» አለች እትዬ ካውያ። እውነትም የገመድ መንካት ብቻ ይበልዛት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ሐኪሟ ከኋላዋ ዞራ፣ በአንገቷ ሥር ያለውን ያን ትንሽ ትራስ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ያዘችው። የሞቀ እጅ ነበር። እትዬ ካውያ ሰው በእጁ ከነካት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረችና አልመጣላትም። እጁ ሲነሣ ቀዘቀዛት።

በማለዳ በባዶ ሆዷ ደም ሰጠች። ውጤቱ የደረሰ ዕለት ሐኪሟ በሩን ዘጋችና ወንበሯን አስጠጋች።

«የታይሮይድ ዕጢዎ ደኅና ነው። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ከኩላሊት በላይ ካሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች። ይህ ሆርሞን ሲበዛ ፊት ይከብባል፣ ሆድ ይገፋል፣ ቆዳ ይሳሳል። እርስዎን ያየ ሰው ኮርቲሶልዎ የበዛ ነው የሚለው። ደምዎ ውስጥ ግን ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«ዕጢዎችዎ ሥራ አቁመዋል። ሥራ የሚያቆሙት ደግሞ ሥራቸውን ከውጭ የሚሠራላቸው ሲመጣ ነው። እስቲ ደግመው ያስቡ። የጉልበት መርፌ ተወግተዋል? የሚበጠበጥ ዱቄት ይጠጣሉ?»

«የለም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ሐኪሟ ነገሩን ሌላ መልክ ሰጠችው። «ጉልበትዎን ሲያምዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ዘይቴን እውጣለሁ።»

ይህን ስትል አንዳች ነገር አልጠረጠረችም። ሐኪሟ «ምን ዓይነት ዘይት?» ስትላት ከቦርሳዋ ቋጠሮውን አውጥታ በኩራት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እህቴ ናት የምትልክልኝ።»

ሐኪሟ አንዷን ክኒን በጣቷ አገላበጠቻት። ከዚህ በፊት አይታቸዋለች፤ ሕመሙን እጅ እንዳነሣው የሚያደርገው በውስጣቸው የተጨመረው ስቴሮይድ ነው። ያን ስታስረዳ እትዬ ካውያ ዓይኗን ከቋጠሮው አልነቀለችም። ጉልበቷ ሲያማት ዋጠች፤ ስትውጥ ከበደች፤ ስትከብድ ጉልበቷ ባሰ፤ ሲብስ ጨመረች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ኖሯል።

«ቀዶ ሕክምናውስ?» አለች በመጨረሻ።

«አሁን አይሆንም። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሰውነት የሚቋቋመው በዚህ ሆርሞን ነው፤ የእርስዎ ዕጢዎች ግን ተኝተዋል። ሳናውቅ ብንቀድዎ ከጠረጴዛው ላይነሡ ይችሉ ነበር። ውፍረቱም ቢሆን ምን ያህሉ የእርስዎ፣ ምን ያህሉ የክኒኑ እንደሆነ የሚለየው ቀስ በቀስ ከተዉት በኋላ ነው።»

«ዛሬውኑ እጥለዋለሁ።»

«እንዳያደርጉት። በድንገት ያቆመ ሰው አቅም ያጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ይስታል። ሊሞትም ይችላል። ልኩ የታወቀ ክኒን አዝልዎታለሁ፤ እሱን በወራት ውስጥ እየቀነስን እንሄዳለን።» ጥቂት አሰብ አድርጋ «ከቤተሰብዎ ሌላ የሚወስድ ሰው አለ?» አለች።

«የለም። እህቴ ላኪ ናት እንጂ፣ እሷ እንደ ክር ቀጭን ናት።»

ልትወጣ ከተነሣች በኋላ በሩን እንደያዘች ዞረች። «እናቴ ትውጥ ነበር። መጨረሻዋ ላይ መዋጥ ሲያቅታት ተወችው። ብዙም አልቆየች።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም» አለች።

ወደ ክፍሏ ደረጃውን ስትወጣ ከወትሮው ይልቅ አረፈች። ቀዶ ሕክምናው ሄደ፤ ከእሱ ጋርም ያዘጋጀችው ቀን ሄደ። ያ ብቻ ቢሆን ጥርሷን ነክሳ ትችለው ነበር። የከፋው ሌላው ነው። በዚህ ዓለም ስለ እሷ የሚያስብ አንድ ሰው አለ ከተባለ፣ ማስረጃው ያ ቋጠሮ ነበር። አሁን ያ ቋጠሮ የአንገቷ ትራስ፣ የፊቷ ክብ፣ ከአውቶቡስ ያስወረዳት ነገር ሁሉ ሆነ።

ለእህትዋ ልንገራት ብላ አሰበች። ቃሉን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። ከየትም ብትጀምረው የሚደርሰው እዚያው ነው። «የላክሽልኝ ነገር ጎዳኝ» ብትል ተከትሎ የሚመጣው «ለእናታችንስ የሰጠሻት?» ነው። አንድ ጊዜ በለቅሶ ላይ ያለችውን ሁለተኛ ጊዜ በማስረጃ ልትለው ነው። አይሆንም። ዘይቱ ይምጣ፤ አትውጠውም፤ የትራስ ልብሱም ይሂድ። ዝም ማለት እንደሆነ ለእሷ አዲስ አይደለም። ካውያዋን አሙቃ አዲስ የተሰጧትን የትራስ ልብሶች ተኮሰች፤ አጠፈች፤ ልታሸንፈው ያልቻለችውን ነገር ሁሉ በእነሱ ላይ ደፈጠጠችው።

ሾፌሩ በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ ሰዓት አጋማሽ ላይ መጣ። የኋላውን በር ከፍታ ስትወጣ በወትሮው ጨዋታ አልጀመራትም። የሰጣት ቋጠሮም ከወትሮው ያነሰ ነበር።

«እህትሽ ደኅና አይደለችም» አላት። «ያ ነጋዴ ጠፍቶ ሰንብቷል አሉ። የቀረቻትን ነው የሰጠችኝ። ማለዳ ልቀበላት ስሄድ በሩን ተደግፋ ነው የቆመችው። ‹ላንቺስ?› ብላት፣ ‹የእሷ ሥራ ቆሞ ነው፤ እኔ እስኪመጣ ተኝቼ እጠብቀዋለሁ› አለችኝ።»

እትዬ ካውያ የሰማችው ነገር ወዲያው አልገባትም። «እስኪመጣ ምኑን ነው የምትጠብቀው? እሷ አትውጥም እኮ።»

«አንቺ ደግሞ፤ ካንቺ በፊት ጀምሮ ነው የምትውጠው። እሷንም እኮ ጉልበቷን ያማታል። አላየሻትም እንጂ ፊቷ እንዲህ ሆኗል» አለና በሁለት እጁ ክብ ሠራ። «እንዲያውም ልነግርሽ እያልኩ አፍሬ ነው። ቁጭ አንቺን ናት። ከኋላ ሳያት ስንቴ ባንቺ ስም ልጠራት ነበር።»

ለካ በዚያ በር ሥር የምትጠብቃት ቀጭን ሴት ከተለወጠች ቆይታለች።

«ያስመልሳታል?»

«ከትናንት ጀምሮ አሉ። ምን ያህል እንደደከመች...» ሾፌሩ ፊቷን አይቶ አቆመ።

የሾፌሩን ስልክ ተቀብላ መጀመሪያ ወደ እህትዋ ደወለች፤ ዝግ ነው። ቀጥላ ከቀጠሮ ካርዷ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። የማጠቢያዎቹ ድምፅ እስከ በሩ ይሰማ ነበርና እየጮኸች ተናገረች፤ በዓመታት ውስጥ በዚያ ሥፍራ ስትጮኽ የተሰማችው ያን ቀን ነው። «ዶክተር፣ የለም ያልኩሽ አለ። እህቴ ትውጣለች። አልቆባታል፤ ያስመልሳታል።»

«አሁኑኑ እዚያው ያለ ጤና ጣቢያ ትድረስ» አለች ሐኪሟ። «ክኒን አይረጋላትም፤ መርፌ ያስፈልጋታል። ምን ስትወስድ እንደነበረ ግን መንገር አለባችሁ። ካልተነገራቸው በሆድ ሕመም ያክሟታል።»

የደንብ ልብሷን አልለወጠችም። የማድረቂያው ሠራተኛ ከበሩ ብቅ ብሎ «እትዬ ካውያ፣ ወዴት ነው?» ሲላት «አገሬ» አለችው። እሱም ምን እንደተሰማው ባይታወቅም፣ ለሾፌሩ ልትሰጥ ይዛቸው የመጣችውን የተተኮሱ የትራስ ልብሶች አንሥቶ በፌስታል አድርጎ አስያዛት።

ሾፌሩ ከሞተሩ ጎን ያለችውን አግዳሚ ለቀቀላት። መንገዱን ሁሉ ዓይኖች በጎኗ ላይ እንዳሉ ታውቃለች፤ ያ ሰማያዊ ሰንበር ከነሙሉ ርዝመቱ ይታያል። ልትሸፍነው አልሞከረችም።

ከአውቶቡሱ በገዛ እግሯ ወረደች፤ ያም ቢሆን የሾፌሩን ትከሻ ይዛ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እህትዋ አልጋ ላይ ናት፤ ከራሷ ሥር ከነመተኮሱ፣ ጠርዙ የተሰፋ፣ የታወቀ የትራስ ልብስ አለ። ሌሎቹ ግድግዳው ሥር ሳይነኩ ተደርድረዋል። ታላቂቱ ዓይኗን ገለጠች፤ ታናሺቱን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። የገዛ ፊቷን እንዳየች ሁሉ ብዙ ቆየች።

«አንቺም?» አለች።

«እኔም። ተነሽ፣ እታለም፤ እንሂድ።»

በሩ ለሁለት አላሳልፍ አላቸው። ታላቂቱ አቅም ባልነበረው ድምፅ «የቀደመች ትልበሳት» አለች። ያቺን ቀሚስ ማለቷ ነበር። ታናሺቱ በጎን ዞራ መጀመሪያ አወጣቻት።

በጤና ጣቢያው ክንድ ባላቸው ወንበሮች ላይ ሁለቱም አልገቡም፤ ግድግዳው ሥር ባለው ረጅም አግዳሚ ተቀመጡ። ነርሱ መጥቶ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተና «ታማሚዋ የትኛችሁ ናችሁ?» አለ። ታናሺቱ ጠቆመች። ግፊቷን ለካ፤ ፊቱ ተለወጠ። ፈጠን ብሎ አልጋ ላይ አስተኛትና ክንዷን እየጠረገ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም» አለች ታላቂቱ። አልዋሸችም።

ታናሺቱ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። መንገዱን ሁሉ ስትፈራው የመጣችው ይህን ነው። ዝም ብትል ዝምታው እንደ ወትሮው ይቀበላታል። ነርሱ ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አወረደ።

«አለ» አለች። ድምፁ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። ቋጠሮውን ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ ፈታችው። «ይህ ነው። ስቴሮይድ አለበት። ለዓመታት ወስዳ በድንገት ነው ያቆመችው።»

ነርሱ አንዷን ክኒን አነሣ፤ ወደ ውስጥ ተጣርቶ ሐኪም አስጠራ፤ መርፌ መጣ፤ ግሉኮስ ተሰቀለ። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ታላቂቱ ዓይኗን ከእነዚያ አረንጓዴ ፍሬዎች አልነቀለችም። ሰዎቹ ሲወጡና ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ግድግዳውን እያየች ጠየቀች።

«እናታችንስ?»

ታናሺቱ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች፤ አልጋው አቃሰተ። «እኔም ጠይቄያለሁ። ይህን አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«ለእኔም ሰጥተሽኛል። የቀረችሽን።» ቀጥሎ የምትለውን ፈልጋ ጊዜ ወሰደባት፤ ስታገኘው ግን የዱሮው ቃል ነበር። «አብረሻት ነበርሽ» አለች። «ያን ቀን እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።»

ታላቂቱ እንደዚያን ቀን ነጠላዋን አልሳበችም፤ ፊቷን ከግድግዳው ወደ እሷ መለሰች። ውሃው ከላይ ጠብ ጠብ ይላል። ታናሺቱ ፌስታሉን ፈታች፤ ከላይ ያለውን የትራስ ልብስ አውጥታ የአልጋውን ትራስ አለበሰችው፤ የተጨማደደውን ጥግ በመዳፏ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ ቀስ አድርጋ ገፋችው።